ያረጁ የሲኒማ ወንበሮችን እንደገና ማልበስ፦ ለትንሽ አዳራሽ፣ ከመፍታት እስከ መግጠም

ትንሽ የፊልም ማሳያ አዳራሽ ውስጥ (የባህል ማዕከል ይሁን፣ የትምህርት ቤት የፊልም ክበብ ይሁን፣ ክፍለ ሀገር ያለ 60 ወንበር ሲኒማ ይሁን) ወንበር ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ጨርቅ ይገዛል፣ ሶፋ ሰሪ ይጠራል፣ ሁሉም ወንበር በአንዴ ይፈታል፣ ከዛ ጥቂት ወር ሳይቆይ ጨርቁ ተሸብሽቦ፣ ስፖንጁ ሰምጦ፣ ግማሹ መቀመጫ ደግሞ ሰው ሲነሳ አልታጠፍ ብሎ ይገኛል። ባብዛኛው ጥፋቱ የሶፋ ሰሪው እጅ አይደለም። የሲኒማ ወንበር እንደ ሶፋ ስለሚታሰብ ነው፤ ግን ይታጠፋል፣ ከጎረቤቱ ጋር እግር ይጋራል፣ በቀን ውስጥም ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች እየተቀያየሩ ይቀመጡበታል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ አንድ ወንበር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨርሳችሁ፣ ቦታው ገጥማችሁ፣ አንድ ሙሉ ፊልም ተቀምጣችሁበት ሳታዩ የሁለተኛውን ጨርቅ አትቁረጡ።

## ደረጃ 1፦ ያረጀው ምኑ እንደሆነ እወቁ

ወንበሩ አርጅቷል ሲባል ጨርቁ ሊሆን ይችላል፣ ስፖንጁ ሊሆን ይችላል፣ ከስር ያለው ኮምፔንሳቶ ወይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ የሚያጥፈው ክፍል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ረድፍ በረድፍ ሂዱና እያንዳንዱን ፈትሹ።

- የመቀመጫውን የፊት ጠርዝ፣ ጉልበት የሚታጠፍበትን ማለቴ ነው፣ በአውራ ጣት ተጫኑት። እንጨቱ ከተሰማችሁ ስፖንጁ አልቋል። ሁሌም ቀድሞ የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው።
- መቀመጫውን እስከ ታች አውርዳችሁ ልቀቁት። ብቻውን መመለስ አለበት። ከስር ጎንበስ ብላችሁ በሞላ ነው ወይስ በራሱ ክብደት የሚመለሰው የሚለውን እዩ። ሞላ ከሌለውና የኋላው ክፍል ከባድ ከሆነ በቀይ አስምሩበት፤ ከፊት በኩል ወፍራም ስፖንጅ ከጨመራችሁበት ሚዛኑ ይዛባና ወርዶ ይቀራል።
- መደገፊያውን በሁለት እጅ ይዛችሁ አወዛውዙት። የሚንቋቋ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል ወይ እንጨቱ ተሰንጥቋል።
- እግሩን በጫማ ገፋ አድርጉት። ወለሉ ላይ የሚነቃነቅ ካለ ለይታችሁ ጻፉ።

ከዛ ሜትር አውጡና የሁሉንም ወንበር ስፋት ለኩ፤ የአንዱን ለክቶ 60 ጊዜ ማባዛት አይሆንም። ከኋላ ያለው ሰው በፊተኛው ሁለት ራስ መሀል እንዲያይ ተብሎ በአንድ ረድፍ ውስጥ 50፣ 52 እና 55 ሳንቲም የተደባለቁባቸው አዳራሾች አሉ፤ ሳትለኩ አንድ አይነት የቆረጣችሁ እንደሆነ ሲሶው አይገባም።

ሁለት ልክ ደግሞ ለብቻ ያዙ፦ መቀመጫው ሲታጠፍ ከመደገፊያው ጋር ስንት ሳንቲም ክፍተት እንደሚቀረው፣ እና ከጎን ካለው ብረት ወይ እንጨት ጋር ስንት ሚሊ እንደሚርቅ። የአዲሱን ስፖንጅና ጨርቅ ውፍረት የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

## ደረጃ 2፦ ግዢ

### ጨርቅ

መርካቶ ስትገቡ በቀለም ብቻ አትማረኩ። የሚያብረቀርቅ አርቴፊሻል ሌዘር ለማጽዳት ቀላል ነው፣ እውነት ነው፣ ግን የስክሪኑን ብርሃን መልሶ ይረጫል፣ ላብ ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአዳራሹን ድምፅ ይቀይረዋል። ጨርቅ የለበሰ ወንበር ድምፅ ይውጣል፣ ሌዘር ግን ይመልሳል። ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሳይሞላ ንግግሩ የሚያስተጋባባችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ስለዚህ ጠቆር ያለ፣ የማያብረቀርቅ፣ ጠንካራ ሽመና ያለው የፖሊስተር ጨርቅ ወይ አጭር ፀጉር ያለው ከፋይ ያዙ። ሻጩ የማርቲንዴል ቁጥር ካለው ጠይቁት (ጨርቁ ስንት ጊዜ ታሽቶ እንደሚችል የሚለካበት ነው)፤ ለሲኒማ ከ40,000 በታች አትውሰዱ።

እሳት! ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ እባካችሁ አትዝለሉት። መስኮት የሌለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሰው አጭቃችሁ ነው የምታስቀምጡት። ከውጪ የመጣ ጨርቅ ከሆነ ኢኤን 1021 ክፍል 1 እና 2 (ሲጋራና ክብሪት) ወይ ቢኤስ 5852 ያለፈበት ወረቀት እንዳለው ጠይቁ። ወረቀት ከሌለው 10 ሳንቲም ቁራጭ ለምኑና ሜዳ ላይ፣ አጠገባችሁ ውሃ የሞላ ባልዲ አድርጋችሁ፣ በፒንሳ ይዛችሁ ላይተር ለ15 ሰከንድ ያህል ጠርዙ ላይ አድርጉበት። ላይተሩ ሲነሳ እሳቱ ቶሎ መጥፋት አለበት። እየነደደ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ይሄ የሜዳ ሙከራ ወረቀቱን አይተካም፤ መጥፎውን ለመጣል ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ስንት ሜትር? እንዲህ አስሉት። መቀመጫው 48 በ46 ሳንቲም፣ ስፖንጁ 10 ሳንቲም ቢሆን፣ ስፋቱ 48 ሲደመር 20 (ሁለቱ ጎን) ሲደመር 8 (ከስር የሚመታበት) 76 ይመጣል፤ ርዝመቱ በዛው ስሌት 74። መደገፊያው 48 በ65፣ ስፖንጁ 6 ሳንቲም ቢሆን 68 በ85። ጨርቁ 140 ሳንቲም ስፋት አለው እንበል፣ ዳርና ዳሩ ሲወጣ 138 ይቀራል፤ መደገፊያ ሁለት ጎን ለጎን ይገባል፣ መቀመጫ ግን አንድ ብቻ (የሚተርፈው ለክንድ ማሳረፊያና ለጎን ቁራጭ ይሆናል)። ስለዚህ ለአንድ ወንበር 117 ሳንቲም ገደማ፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 1.3 ሜትር፣ ለ60 ወንበር 78 ሜትር። ይሄ ምሳሌ ነው፣ የራሳችሁን ልክ አስገቡበት።

78 ሜትር ከአንድ ጥቅል ላይወጣ ይችላል፣ እና ሁለት ጥቅል በተለያየ ጊዜ የተቀለመ ከሆነ ሱቅ ውስጥ አንድ መስሎ አዳራሽ መብራት ስር ሁለት ይሆናል። ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ መሆኑን በጥቅሉ ጫፍ ላይ ካለው ቁጥር አረጋግጡ፣ ለናሙናው (መጀመሪያ ለምትሞክሩት አንድ ወንበር) 2 ሜትር ብቻ ግዙ፣ ለቀሪው ቀብድ ከፍላችሁ አስይዙ።

### ስፖንጅ

ስፖንጅ በእጅ ተጭኖ አይገዛም። "ጠንካራ ነው" እና "አይሰምጥም" ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ ዛሬ ጠንካራ የሆነ ቀላል ስፖንጅ በጥቂት ወር ሊጥ ይሆናል። የሚወስነው ክብደቱ ነው። ለመቀመጫ በሜትር ኪዩብ 35 ኪሎና ከዛ በላይ፣ ለመደገፊያ 25 አካባቢ። ሻጩ የሚላችሁን ሳይሆን ሚዛኑን እመኑ፦ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፣ 50 በ50 የሆነ 10 ሳንቲም ውፍረት ያለው ቁራጭ አስመዝኑ። 875 ግራም ከመጣ 35 ነው፣ 500 ግራም ከመጣ 20 ነው ማለት ነው። አንድ ተንኮል አለ፣ ክብደቱ እንዲጨምር የኖራ ዱቄት የሚቀላቀልበት ስፖንጅ አለ፣ ስለዚህ ጠርዙን አሽታችሁ ጥቁር ጨርቅ ላይ አራግፉት፤ ነጭ ብናኝ ከወጣ ተዉት።

### ሌላው

የሶፋ ስቴፕለር በኮምፕሬሰር የሚሠራ (የእጁ ለ60 ወንበር ክንድ ይገድላል፣ ግን መብራት ሲጠፋ ስለሚያስፈልግ እሱም ይኑር)፣ የ8 እና የ10 ሚሊ የስቴፕለር ሽቦ፣ ማስቲሽ፣ ለስፖንጁ ማልበሻ ስስ ፋይበር፣ ከስር የሚመታ ስስ ጥቁር ጨርቅ፣ ወፍራም የፖሊስተር ክር (ጥጥ ክር በፍጹም)፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍ፣ ግራሶ፣ ጠመኔ፣ ማርከር፣ ብዙ ትንንሽ ፌስታል፣ የአፍንጫ ማስክ። ብሎን፣ ሮንዴላና ሞላ የጎደለባችሁ አሮጌውን ለማሳያ ይዛችሁ ምናለሽ ተራ (መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት) ዞር ዞር በሉ።

## ደረጃ 3፦ ምልክት አድርጋችሁ ፍቱ

መጀመሪያ ናሙናውን አንድ ወንበር ብቻ ፍቱ፤ እሱ ተገጥሞ ካለፈ በኋላ ደግሞ አንድ ረድፍ ብቻ። የመጀመሪያው ረድፍ ሳይገጠም ሁለተኛውን አትንኩ፤ እንደዚህ ከሆነ አዳራሹ ሥራ አያቆምም፣ ብሎንም አይደባለቅም።

1. ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፦ ከፊት፣ ከስር፣ ከሁለቱም ጎን፣ ሞላው የተጠመደበትን ደግሞ ቅርብ አድርጋችሁ።
2. መቀመጫው ስር እንጨቱ ላይ በማርከር ረድፉንና ቁጥሩን ጻፉ፣ መደገፊያውም ላይ። ጨርቁ ላይ አትጻፉ፣ ይገፈፋል።
3. መቀመጫውን አውጡ። አንዳንዱ በሁለቱ ጎን ብሎን ነው፣ አንዳንዱ ታጥፎ እያለ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ከመንጠቆው ይወጣል። በጉልበት ከመሳባችሁ በፊት የተደበቀ ብሎን ፈልጉ።
4. የእያንዳንዱን ወንበር ብሎንና ሮንዴላ በየራሱ ፌስታል፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ እዛው እግሩ ላይ እሰሩት።
5. ጠንካራ የሆነውን እግር ከወለል አትንቀሉ። ሲሚንቶ ውስጥ የገባ አሮጌ ብሎን አንዴ ከወጣ ያው ቀዳዳ መልሶ አይዘውም። የሚነቃነቀውን ብቻ አውጡና ቀዳዳውን አጽድታችሁ በኬሚካል ሙጫ አዲስ ብሎን ትከሉ፣ ወይ ከጥቂት ሳንቲም ፈቀቅ ብላችሁ አዲስ ቀዳዳ ብሱ።

ሞላ ያለው ከሆነ ተወጥሮ ነው ያለው፤ ፊታችሁን አርቃችሁ በፒንሳ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት።

## ደረጃ 4፦ አሮጌውን መግፈፍ

ውጪ ላይ ሥሩት። አሮጌ ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ይቦናል፣ ማስክ አድርጉ። ልብሱን ስትገፉ የስፌቱን መስመርና የሽቦውን ረድፍ ተመልከቱ፤ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወይ የተላጠ ቅርፊት ካያችሁ ትኋን ነው። እንደዛ ከሆነ አሮጌው ጨርቅና ስፖንጅ ወዲያው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይታሰር፣ እንጨቱ ስንጥቆቹ ሳይቀሩ በእንፋሎት ወይ በፈላ ውሃ ይታጠብና ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ የአዳራሹ ወለልና ግድግዳ ጥግም ይታከም። ይሄን ሳታደርጉ አዲስ ጨርቅ ማልበስ ብር መጣል ነው፣ ትኋኑ ከጎረቤት ረድፍ ተመልሶ ይገባል።

ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አውጡ። የቀረውን በመዶሻ አስምጣችሁ አትለፉ፤ ዝጎ አዲሱን ጨርቅ ይበላዋል።

አሮጌውን ልብስ አትጣሉ። በተለይ ማንም የማይቀመጥበትን የጥግ ወንበር ልብስ ፈልጉ፣ ለልክ የሚሆናችሁ እሱ ነው። የመሀል ረድፍ ልብስ በመቀመጥ ብዛት ተለጥጦ ስለሚሰፋ ከሱ የተወሰደ ልክ ሁሌ ይሸበሸባል።

## ደረጃ 5፦ እንጨቱና ብረቱ

ኮምፔንሳቶው ካበጠ ወይ ንብርብሩ ከተላቀቀ አትጠግኑት፣ በ12 ሚሊ አዲስ ቁረጡ፤ አሮጌውን እላዩ ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውንም የብሎን ቀዳዳውንም አስምሩ። የመቀመጫው ስር ብዙ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ድምፅ እንዲውጥ የተሠራ ነውና አትድፈኑት፣ በአዲሱም ላይ ድገሙት።

አሁን ዋናው። እንጨቱ ውስጥ የተቀበሩ ጥርስ ያላቸው ዳዶዎች አሉ፣ ብሎኑ የሚታሰርባቸው። እያንዳንዱን ብሎን አስገብታችሁ አጥብቃችሁ ሞክሩ። ዳዶው አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ አሁኑኑ አውጥታችሁ አዲስ ምቱ፣ ዙሪያውን የእንጨት ሙጫ አድርጉ። ስፖንጁ ተለጥፎ ጨርቁ ከለበሰ በኋላ እዛ ዳዶ ጋ መድረሻ መንገድ የለም፤ ሁሉን ገፎ እንደገና መጀመር ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትተገብሩ ከሆነ ይሄን አድርጉ።

የእግሩን ብረት ዝገት ፈግፍጉ፣ አንቲረስት ቀቡ፣ ቀለም፣ ማድረቅ። የሚዞርበት የፕላስቲክ ቀለበት ከተበላ ቀይሩትና ግራሶ በጣም ትንሽ አስነኩት። የሞተር ዘይት አይሆንም፣ ይንጠባጠባል፣ የሰው ልብስ ያበላሻል።

## ደረጃ 6፦ ስፖንጁ

ብዙ የፋብሪካ የሲኒማ ወንበር ስፖንጅ በቅርጽ የተጣለ ነው፣ ገበያ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ስፖንጅ ይበልጣል። ከመሀልና ከኋላ ደህና ከሆነ አትጣሉት! የሞተውን የፊት ጠርዝ ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በዛው ልክ አዲስ ቁራጭ ለጥፉበት፣ ከዛ ሁሉን በስስ ፋይበር ሸፍኑት። ሙሉ በሙሉ የፈረሰ ከሆነ ብቻ አዲስ ቁረጡ፦

1. እንጨቱን ስፖንጁ ላይ አድርጋችሁ በማርከር አዙሩ፣ ከመስመሩ 1 ሳንቲም ወደ ውጪ አስፍታችሁ በረጅም የዳቦ ቢላ ቁረጡ። ያቺ 1 ሳንቲም ናት ጨርቁን ከውስጥ ወጥራ የምትይዘው። ግን በጎን በኩል ደረጃ 1 ላይ የለካችሁትን ክፍተት እዩ፤ ከብረቱ ጋር ያለው ርቀት ጠባብ ከሆነ ጎንና ጎኑን በልኩ ቁረጡ፣ የፊቱን ብቻ አስፉ።
2. ማስቲሹን እንጨቱም ስፖንጁም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ በጣት ሲነካ ተጣብቆ ግን የማይከተል ሲሆን ነው የሚገጠመው። ክረምት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።
3. ከኋላ ጀምራችሁ ወደ ፊት አስተኙት። አንዴ ከነካ አይነቀልም።
4. የፊቱን የላይ ጠርዝ ወደ ታች ጎትታችሁ ከእንጨቱ ጠርዝ ጋር በማስቲሽ አያይዙት፣ ክብ እንዲሆን። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ የጭንን ደም ይዘጋል፤ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይቁነጠነጣል፣ ፊልሙ ሰለቸኝ ይላል እንጂ ወንበሩ ነው አይልም።
5. ፋይበሩን ከላይና ከጎን አልብሱ፣ ከስር አታዙሩት።

ማስቲሽ ተቀጣጣይ ነው፣ ጭሱም ያዞራል። የማሳያ ክፍሉ ውስጥ በፍጹም አትቀቡ፤ ውጪ፣ ከሲጋራ ራቅ ብላችሁ፣ ከቡና ከሰልም ጭምር።

አሁን ጨርቅ ሳይለብስ ቦታው ወስዳችሁ ግጠሙትና አጥፉት። ከመደገፊያው ጋር ከተጋጨ ወይ ብቻውን ካልተመለሰ ስፖንጁን ቀንሱ። ጨርቅና ፋይበር እንደሚጨመርበት አስቡ፣ ግማሽ ሳንቲም ያህል ቦታ ይተርፈው።

## ደረጃ 7፦ ልክ፣ መቁረጥ፣ መስፋት

የጥግ ወንበሩን ልብስ ስፌቱን ተርትሩ፣ በካውያ አስተኙት፣ ካርቶን ላይ አስምሩ። የስፌት ትርፍ 1.5 ሳንቲም ጨምሩ። የፊት መሀል፣ የኋላ መሀል፣ የግራና የቀኝ መሀል ላይ ጭረት አድርጉ፤ ስትሰፉም ስትወጥሩም የሚመሯችሁ እነዚህ ጭረቶች ናቸው።

ከፋይ ከሆነ እጃችሁን አሳልፉበት፤ በአንድ በኩል ይተኛል በሌላው ይቆማል። የሚተኛበት አቅጣጫ በመደገፊያው ላይ ወደ ታች፣ በመቀመጫው ላይ ወደ ፊት ይሁን፣ በሁሉም ወንበር ላይ ያለ አንድም ልዩነት። ከጨርቁ ጀርባ በጠመኔ ቀስት ሥሩ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ። ቦታ ለማብቃቃት ብላችሁ አንዱን ገልብጣችሁ ከቆረጣችሁ መብራት ሲበራ ሌላ ቀለም መስሎ ይታያል፣ እና ምንም አይነት ብሩሽ አያስተካክለውም። ደርባችሁ መቁረጥ ካለባችሁ ከ4 ንብርብር አይበልጥ፣ ከፋይ እርስ በርሱ ይንሸራተታል።

ስፌቱን ወፍራም የሚሰፋ ማሽን ላለው ስጡ። የቤት ሲንጀር አንድ ሁለቱን ይሰፋል፣ 60 ግን አይችልም። መርፌ 110 ቁጥር፣ የስፌት እርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ፤ ከዚህ ካነሰ ጨርቁን እንደ ቴምብር ይበሳዋል፣ በዛች መስመር ይቀደዳል። የፊት ጠርዙ ስፌት ከላይ አንዴ ይደገም።

## ደረጃ 8፦ መወጠር

ሰው የሚፈጥነው እዚህ ጋ ነው፣ መዘግየት ያለበትም እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን ምረጡ። እንጨቱ 12 ሚሊ ከሆነ የ10 ወይ የ8 ሚሊ ሽቦ። 14 ከተመታ ጫፉ በስፖንጁ በኩል ይወጣል፣ ከዛ የሚወጋው የሚቀመጠውን ሰው ነው። ኮምፕሬሰሩን 5 ባር አካባቢ ጀምሩና ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩ፤ ሽቦው ከጨርቁ ጋር እኩል መተኛት አለበት። ጨርቁን ከቆረጠው ቀንሱ፣ ከፍ ብሎ ከቀረ ጨምሩ።

1. ስፖንጁ ላይ ስስ ፌስታል አልብሱና ልብሱን በላዩ አንሸራትቱ፣ ቦታውን ሲይዝ ፌስታሉን ሳቡና አውጡት። እዛው ከቀረ በፀጥታው ትዕይንት ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።
2. ገልብጣችሁ ንጹህ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። የፊት መሀል ጭረት ላይ አንድ ሽቦ፣ ግማሽ ብቻ የገባ። ከዛ የኋላ መሀል እየወጠራችሁ አንድ። ከዛ ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ።
3. ገልብጣችሁ ከላይ እዩት። ስፌቱ ከጠርዙ ጋር ቀጥ ብሏል? ካልሆነ ሽቦውን ነቅላችሁ አስተካክሉ፤ አሁን አራት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ በኋላ ከ80 በላይ ይሆናል።
4. ከየመሀሉ ወደ ማዕዘን እየሄዳችሁ በ5 ሳንቲም ርቀት ምቱ፣ ግን አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ፊት ሦስት፣ ኋላ ሦስት፣ ግራ ሦስት፣ ቀኝ ሦስት እያላችሁ ዙሩ። በመዳፋችሁ ከላይ ጨርቁን ወደ ጠርዝ እያሻችሁ፣ በሌላው እጅ እየሳባችሁ። በጣት ጫፍ ብቻ ከሳባችሁ ጣታችሁ የያዘበት ቦታ ሁሉ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል።
5. ማዕዘኑ ላይ 7 ሳንቲም ሲቀር ቁሙ። አራቱም ጎን እዚህ ይድረስ።
6. ማዕዘን፦ ጫፉን ወደ መሀል በሰያፍ ሳቡና አንድ ሽቦ። በሁለቱ ጎን የተረፈውን እጥፋት ወደዛው አስተኙ፣ አንድ አንድ ሽቦ። ከስር የተጠራቀመውን ቁረጡ፣ ካልተቆረጠ መቀመጫው ሲወርድ ብረቱ ላይ ተደላድሎ አይቀመጥም።
7. ሲያምርላችሁ በየ2 ሳንቲም ሙሉ፣ ግማሽ የገቡትን በመዶሻ አስገቡ፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ስሱን ጥቁር ጨርቅ ጠርዙን እያጠፋችሁ ከስር ምቱ።

የእናንተ ወንበር ከስሩ ፕላስቲክ ከሆነ ሽቦ አትምቱበት፣ ይሰነጠቃል ወይ አይዝም። እንደዛ አይነቱ ልብስ ባብዛኛው በገመድ የሚታሰር፣ በዚፕ የሚዘጋ ወይ ጠርዙ ላይ የተሰፋ የፕላስቲክ መንጠቆ ያለው ነው። መንጠቆውን ከአሮጌው ልብስ በጥንቃቄ ተርትራችሁ አዲሱ ላይ ስፉት።

መደገፊያው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፣ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች።

## ደረጃ 9፦ መግጠምና መፈተሽ

ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዛ በቁልፍ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ሌላውን መጀመር ቀዳዳው እንዳይገጥም ያደርጋል። መቀመጫውን 20 ጊዜ አውርዱና ልቀቁ። ከባድ ሰው አስቀምጡበት፣ ቀላል ሰውም፣ ልጅም። መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ክፈቱና ከመጀመሪያው ረድፍ ጨርቁ ብርሃን ይመልስ እንደሆነ እዩ። ናሙናው ይሄን ካለፈ ቀብድ ወዳስያዛችሁበት ሱቅ ሂዱ።

## ሲበላሽ

ከፊት በኩል ሽብሽብ ካለ፦ የኋላውን ሽቦ ብቻ ነቅላችሁ እንደገና ሳቡ። ካልሄደ ስፖንጁ አንሷል፤ አንድ ድርብ ፋይበር ጨምሩ።

ከማዕዘን ወደ መሀል ሰያፍ መስመር ከታየ፦ ማዕዘኑ ከጎኑ ቀድሞ ተመቷል። የማዕዘኑን ሦስት ሽቦ አውጡ፣ ጎኖቹን ጨርሱ፣ ተመለሱበት።

መቀመጫው አልመለስ ካለ፦ ከጎን ጨርቁ ብረቱን እየነካ መሆኑን በወረቀት ፈትሹ፤ ወረቀት በነፃ ካላለፈ ጎኑን አሳሱ። ካለፈ ሞላውን እዩ። በክብደት የሚመለስ ከሆነ የፊቱን ስፖንጅ ቀንሱ፣ ወይ ከስር ከኋላ በኩል ጠፍጣፋ ብረት በብሎን ጨምሩ። ሳይስተካከል ለሰው አትክፈቱ፤ ወርዶ የቀረ መቀመጫ ሰው በጨለማ ለመውጣት ሲሯሯጥ መንገድ ይዘጋል።

ብሎን ሲፈታ ዳዶው አብሮ ከዞረ፦ በእንጨቱና በብረቱ መሀል ካቻቪቴ አስገብታችሁ እየገፋችሁ ፍቱት፣ እምቢ ካለ የብሎኑን ጭንቅላት በግራይንደር ቁረጡ። ግራይንደር ብልጭታው ስፖንጅ ያቀጣጥላልና ጨርቅና ስፖንጅ ሳይኖር ብቻ፣ ውሃ አጠገብ አድርጋችሁ።

ሽቦ እየተነቀለ ካስቸገረ፦ እንጨቱ በአሮጌ ቀዳዳ ተበልቷል። 1 ሳንቲም ወደ ውስጥ ገብታችሁ ምቱ፤ እዛም ካልያዘ እንጨቱ ይቀየር።

ሲቀመጡበት ከተንጫጫ፦ ብዙ ጊዜ ሮንዴላ የጎደለበት ብሎን ነው። ሮንዴላ ጨምራችሁ አጥብቁ።

የማስቲሽ ሽታ አልጠፋ ካለ፦ በር ከፍታችሁ ቬንቲሌተር አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ሽቶ አትርጩበት። ሽታው እስኪለቅ ያንን ረድፍ ዝጉት፣ ትኬትም አትቁረጡበት።

ሁሉም ሲያልቅ ከተረፈው ጨርቅ ሦስት አራት የተሰፋ መቀመጫ ልብስ፣ ከነ ካርቶን ልኩ፣ ጠቅልላችሁ ፕሮጀክተር ክፍል አስቀምጡ። የመሀል ረድፉ ቀድሞ ያልቃል፣ ያን ጊዜ ያው ቀለም ገበያ ላይ አይገኝም።